የዩኒቨርሲቲ መምህራንን የማስተማርና የምርምር አቅም የማጎልበት ሥራ

በኢትዮጵያ ዩኒቨርሲቲዎች መምህራን የሚቀጠሩት በዋናነት በሙያ መስካቸው ባስመዘገቡት ውጤት ነው። በምህንድስና፣ በሕግ ወይም በግብርና በከፍተኛ ማዕረግ የተመረቀ ወጣት የማስተማር ሥነ ዘዴን ሳይማር ወደ መማሪያ ክፍል የሚገባበት ሁኔታ የተለመደ ነው። ይህን ክፍተት ለመሙላት ባለፉት ዓመታት ልዩ ልዩ የድጋፍ ሥርዓቶች ተዘርግተዋል።

የችግሩ መነሻ

በ1990 ዓ.ም በአገሪቱ የነበሩት የመንግሥት ዩኒቨርሲቲዎች የአዲስ አበባና የዓለማያ ብቻ ነበሩ። በ1992 ዓ.ም የመቀሌ፣ የጅማ፣ የባሕር ዳርና የደቡብ ዩኒቨርሲቲዎች የተቋቋሙ ሲሆን፣ በተከታታይ በተካሄደው ማስፋፊያ የመንግሥት ዩኒቨርሲቲዎች ቁጥር ከ40 በላይ ደርሷል። የአዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ በ1971 ዓ.ም የጀመረው የድህረ ምረቃ ትምህርት መምህራንን በአገር ውስጥ ለማፍራት ቢያስችልም፣ የማስፋፊያው ፍጥነት ግን ከዚህ የላቀ ነበር። በመሆኑም አዳዲሶቹ ተቋማት በርካታ የሥራ መደቦችን የሸፈኑት በመጀመሪያ ዲግሪ ምሩቃን ሲሆን፣ ለጀማሪዎቹ ልምዳቸውን የሚያካፍሉ ነባር መምህራንም ጥቂት ነበሩ።

የከፍተኛ ዲፕሎማ ፕሮግራም

በ1996 ዓ.ም የተጀመረው የከፍተኛ ዲፕሎማ ፕሮግራም በቅድሚያ ያተኮረው መምህራንን በሚያሠለጥኑ ተቋማት ላይ ሲሆን፣ በኋላ ለሌሎች የትምህርት ክፍሎች መምህራንም ተዳርሷል። ሠልጣኞች መደበኛ ሥራቸውን ሳያቋርጡ ለአንድ የትምህርት ዘመን በየሳምንቱ እየተገናኙ አሳታፊ የማስተማር ዘዴን፣ ተከታታይ ምዘናንና ተግባራዊ ምርምርን ይማራሉ። በክፍል ውስጥ ሲያስተምሩ በባልደረቦቻቸው ይታያሉ፤ የሥራቸውን ማስረጃ በማህደር አደራጅተው ለግምገማ ያቀርባሉ።

ተግባራዊ ምርምሩ ማስተማርንና ምርምርን በአንድ የሚያገናኝ ነው። መምህሩ በራሱ ክፍል ያጋጠመውን ችግር፣ ለምሳሌ የተማሪዎችን የተሳትፎ ማነስ፣ ለይቶ መንስኤውን ያጠናል፤ መፍትሔ ሞክሮም ውጤቱን ይመዝናል።

የሕግ መሠረት

የመምህራን ሙያዊ ዕድገት ለተቋማቱ በጎ ፈቃድ ብቻ የተተወ ጉዳይ አልነበረም። የከፍተኛ ትምህርት አዋጅ ቁጥር 650/2001 እያንዳንዱ ተቋም አስተማማኝ የውስጥ ጥራት ማጎልበቻ ሥርዓት እንዲኖረው የደነገገ ሲሆን፣ ሥርዓቱ የአካዳሚክ ሠራተኞችን ሙያዊ ዕድገት፣ የመማር ማስተማሩን ሂደትና የምዘና ሥርዓትን እንዲያካትት አስገድዷል። በአዋጁ መሠረት ተማሪዎችም የትምህርቱን ይዘትና አሰጣጥ ይገመግሙ ነበር።

የአመራሩ ድርሻ

ሥልጠና ብቻውን ለውጥ አያመጣም። አሳታፊ ዘዴን የተማረ መምህር ወንበሮቹ ወደማይንቀሳቀሱበትና ተማሪዎች ወደተጨናነቁበት አዳራሽ ሲመለስ ወደ ቀድሞው ገለጻ ለመመለስ ይገደዳል። ተከታታይ ምዘና መስጠትም በርካታ የተማሪ ወረቀቶችን ማረምን ስለሚጠይቅ፣ የማስተማር ጫናው ካልተቃለለ ለይስሙላ ይቀራል። የምርምር ሥራም እንዲሁ ነው፤ ገንዘቡ ቢፈቀድም የኬሚካልና የመሣሪያ ግዥ ከዘገየ የምርምሩ ወቅት ያልፋል።

የደረጃ ዕድገት መመዘኛም የራሱ ተጽዕኖ አለው። ወደ ከፍተኛ የአካዳሚክ ማዕረግ ለማደግ የታተመ የምርምር ጽሑፍ አስፈላጊ በመሆኑ፣ ለማስተማር ጥራት የሚሰጠው ክብደት አነስተኛ ከሆነ መምህሩ ጊዜውን ወዴት እንደሚያዘነብል ግልጽ ነው።

ስለሆነም የድጋፉ ውጤት መለካት ያለበት በታደሉት የምስክር ወረቀቶች ብዛት ሳይሆን፣ ከሥልጠናው በኋላ በክፍል ውስጥ በታየው ለውጥ ነው። የመምህሩን የሥራ ድልድል የሚያጸድቀው የትምህርት ክፍል ኃላፊ፣ የግዥ ጥያቄውን የሚያስፈጽመው ሠራተኛና በጀቱን የሚመድበው አመራር ለዚህ ለውጥ ከአሠልጣኙ ያልተናነሰ ድርሻ አላቸው።