ሯጭ ምን ያህል ውኃ ይጠጣ? የአንድ ክርክር ታሪክ

ውኃ ለሰው ሕይወት እጅግ አስፈላጊ መሆኑን የሚጠራጠር የለም። ሰው ያለ እህል ብዙ ቀን ሊሰነብት ሲችል ያለ ውኃ ግን ከጥቂት ቀን በላይ እንደማይዘልቅ ሁሉም ያውቀዋል። ነገሩ ይህን ያህል የታወቀ ሆኖ ሳለ፣ ረጅም መንገድ የሚሮጥ ሰው በሩጫው መካከል ውኃ ይጠጣ ወይስ አይጠጣ፣ ቢጠጣስ ምን ያህል ይጠጣ የሚለው ጥያቄ ከመቶ ዓመት በላይ ሊቃውንትን ሲያከራክር ኖሯል። ክርክሩም እንዲያው የቃል ጨዋታ አልነበረም። በአንደኛው ዘመን «አትጠጣ» በተባለው ምክር ሯጮች በየመንገዱ ወድቀዋል፤ በሌላው ዘመን ደግሞ «የቻልኸውን ያህል ጠጣ» በተባለው ምክር ነፍሳቸውን ያጡ አሉ። ስለዚህ የዚህን ክርክር ታሪክ በአጭሩ ለአንባቢዎቻችን ልናቀርብ ወደድን። የውጭ አገሩን ታሪክ እንደ አውሮፓውያን አቈጣጠር እናስቀምጣለን፤ የአገራችንን አቈጣጠር በምናመጣበት ስፍራ ግን «ዓ.ም.» በማለት እንለየዋለን።

አስቀድሞ ስለ ላብ ጥቂት መናገር ያስፈልጋል። በሩጫ ጊዜ የሰው ገላ እንደ ሞተር ነው። ሞተር ከሚያቃጥለው ነዳጅ ጥቂቱን ብቻ ወደ ሥራ ለውጦ የቀረውን ሙቀት አድርጎ እንደሚያወጣው ሁሉ፣ ጡንቻም ከሚፈጀው ኃይል የሚበዛውን እጅ ወደ ሙቀት ይለውጠዋል። ለሚሮጥ ሰው ይህ ሙቀት የሚወጣበት ዋናው በር ላብ ነው፤ ላቡ በቆዳ ላይ ሆኖ ሲተን ሙቀቱን ይዞት ይሄዳል። በፍጥነት የሚሮጥ ሰው በሙቀት ጊዜ በአንድ ሰዓት ውስጥ 1 ሊትር፣ አንዳንዱም ከዚያ የሚበልጥ ላብ ያወጣል፤ ከላቡም ጋር ጨው ይወጣል። እንግዲህ ክርክሩ የሚነሣው ይህ የወጣው ውኃ በመንገድ ላይ ሳለ ሁሉም ይተካ፣ ከፊሉ ይተካ፣ ወይስ ሩጫው እስኪፈጸም ይቈይ በሚለው ላይ ነው።

የጥንቱ ሐሳብ «ይቈይ» የሚል ነበር። ለዚህም በ1904 በአሜሪካ አገር በሴንት ሉዊስ ከተማ የተደረገው የኦሎምፒክ ማራቶን ዋና ምስክር ነው። በዚያ ቀን ሙቀቱ 32 ዲግሪ ያህል ነበር፤ መንገዱም ኮረብታ የበዛበትና አቧራማ ነበር። ከጨዋታው አዘጋጆች ዋነኛው ጄምስ ሱሊቫን የውኃ ማነስ በገላ ላይ የሚያደርሰውን ለመመርመር ብለው ውኃ የሚገኝበት ስፍራ እንዲያንስ እንዳደረጉ ተጽፏል፤ በመንገዱ ሁሉ ውኃ የሚገኘው ከሁለት በማይበልጥ ቦታ ብቻ ነበር። ሩጫውን ከጀመሩት 32 ሰዎች ውስጥ የፈጸሙት 14 ብቻ ናቸው። ከቀሩትም አንዱ አቧራው ሆድ ዕቃውን ጐድቶት ደም እየፈሰሰው፣ ሊሞት ተቃርቦ በመንገድ ላይ ወድቆ ተገኘ።

ከዚህም የበለጠ የሚያስደንቀው የአሸናፊው የቶማስ ሂክስ ታሪክ ነው። ይህ ሰው እጅግ በጠማው ጊዜ ውኃ ቢለምን ረዳቶቹ ከለከሉት፤ አፉን በሞቀ ውኃ በስፖንጅ ብቻ አረጠቡለት። ኃይሉ በደከመ ጊዜ ግን መርዝነቱ የታወቀውን ስትሪክኒን ከዕንቁላል ነጭ ጋር አቀላቅለው ሰጡት፤ በኋላም ብራንዲ ጨመሩለት። እንዲህ ሆኖ ራሱን ሊስት ተቃርቦ፣ እየተደገፈ ከመጨረሻው ደረሰ። ውኃ ጐጂ፣ መርዝ ግን ረዳት ተብሎ የታመነበት ዘመን ነበር ማለት ነው።

ከዚህ ሁሉ በኋላ ሐሳቡ ተለወጠን? አልተለወጠም። ሱሊቫን በ1909 ስለ ማራቶን ሩጫ ባሳተሙት መጽሐፍ በውድድር መካከል መብላትና መጠጣት እንዳይለመድ መክረዋል። ሳይጠጡ መጨረስ የብርታት ምልክት ሆኖ ተቈጠረ፤ የሚጠጣም ሰው እንደ ደካማ ታየ። በ1950ዎቹ ዓመታት የዓለም አቀፉ የአትሌቲክስ ማኅበር ደንብ እንኳ መጠጥ የሚቀርበው ከ15ኛው ኪሎ ሜትር በኋላ እንዲሆን የሚያዝ ነበር፤ ሯጩም አዘጋጆቹ ካቀረቡለት ሌላ ይዞ እንዳይጠጣ ይከለክላል።

በዚያ ዘመን ከደረሱት አደጋዎች ሁለቱን እንጥቀስ። በ1912 በስቶክሆልም ኦሎምፒክ የፖርቱጋሉ ፍራንሲስኮ ላዛሮ በብርቱ ፀሐይ ሲሮጥ ወድቆ በማግስቱ ሞተ። ከፀሐይ ቃጠሎ ለመዳን ገላውን በሰም ቀብቶት እንደ ነበረና ላቡ መውጫ እንዳጣ ይነገራል። በ1954 በካናዳ በቫንኩቨር ከተማ ደግሞ እንግሊዛዊው ጂም ፒተርስ ሌሎቹን እጅግ ርቆ ወደ ስታዲየሙ ከገባ በኋላ በሙቀት ተሸንፎ ደጋግሞ ወደቀ፤ ሩጫውንም ሳይፈጽም ቀረ፤ ከዚያ ወዲህም አልተወዳደረም። በእነዚህ በሁለቱ አደጋዎች ላይ ዋናው ጠላት ሙቀት መሆኑን አንባቢ ልብ ይበል። ጥምና ሙቀት ጐረቤታሞች ናቸው እንጂ አንድ አይደሉም፤ ከዚህ በኋላ ለመጣው ስሕተት አንዱ ምንጭ ሁለቱን አንድ አድርጎ ማየት ነውና።

የሮማው ኦሎምፒክ ይህን ልዩነት በሚገባ ያሳየናል። የማራቶኑ ውድድር የቀኑ ሐሩር ከበረደ በኋላ ወደ ማታ እንዲጀመር ተደረገ። ጳጉሜ 5 ቀን 1952 ዓ.ም.፣ በአዲሱ ዓመት ዋዜማ፣ የክብር ዘበኛው አበበ ቢቂላ በባዶ እግሩ ሮጦ በችቦ ብርሃን መካከል በ2 ሰዓት ከ15 ደቂቃ ከ16.2 ሴኮንድ ፈጸመ፤ ይህም በዚያ ጊዜ ከዓለም የሚበልጥ ሰዓት ነበር። የውድድር ሰዓትን ከፀሐይ ማራቅ በየመንገዱ ውኃ ከመደርደር ያላነሰ ለሯጭ ጤና የሚረዳ መሆኑን ከዚህ እንረዳለን።

አሁን ወደ ሳይንሱ እንለፍ። በሁለተኛው የዓለም ጦርነት ጊዜ ወታደሮች በበረሃ ስለ ተሰለፉ የውኃ ጉዳይ የጦር አዛዦችን አሳሰበ። ወታደር ውኃ በጥቂቱ መጠጣት ቢለማመድ ገላው ለጥቂት ውኃ ይገራል የሚል የቈየ እምነት ነበር። በአሜሪካ የሮቼስተር ዩኒቨርሲቲ ሊቅ ኤድዋርድ አዶልፍ ከባልደረቦቻቸው ጋር በበረሃ መርምረው በ1947 ባሳተሙት መጽሐፍ ይህ እምነት ከንቱ መሆኑን አስረዱ፤ ላቡን የሚያወጣ ገላ በልምምድ ውኃ አያስቀርም፤ የተከለከለ ወታደር ቶሎ ይደክማል፤ የጠጣው ግን ይበረታል። ከዚሁ ጋር ሌላ ነገር አስተዋሉ፤ ይኸውም ሰው በሙቀት ሲሠራ ውኃ በፊቱ ቢቀርብለትም ያላበውን ያህል አይጠጣም፤ ጉድለቱን የሚሞላው በኋላ፣ በተለይ በምግብ ጊዜ ነው።

ይህ ሁለተኛው ነገር በኋላ ብዙ መዘዝ አመጣ። አንዳንዶች «እንግዲያስ ጥም ሐሰተኛ ምስክር ነው፤ ሯጭ ሳይጠማው መጠጣት አለበት» ብለው ተረጐሙት። በ1965 የፍሎሪዳ ዩኒቨርሲቲው ሐኪም ሮበርት ኬድ ለአገራቸው የእግር ኳስ ተጫዋቾች ስኳርና ጨው ያለበት መጠጥ ቀመሙ፤ ከዚህም የመጠጥ ንግድ ተስፋፋ። በ1969 ዊንደምና ስትራይደም የተባሉ የደቡብ አፍሪካ ተመራማሪዎች 32 ኪሎ ሜትር የሮጡትን መርምረው፣ ከክብደታቸው ከ3 በመቶ በላይ በላብ ያጡት የገላቸው ሙቀት ከፍ ማለቱን ጻፉ። በመጨረሻም በ1996 የአሜሪካ የስፖርት ሕክምና ኮሌጅ ሯጭ ቀደም ብሎ እየጀመረ፣ በየጊዜው፣ በላብ የወጣውን ሁሉ ለመተካት የሚበቃ ወይም ሆዱ የሚችለውን ያህል እንዲጠጣ መከረ። በዘጠና ዓመት ውስጥ ምክሩ ከአንዱ ጫፍ ተነሥቶ ከሌላው ጫፍ ደረሰ።

በዚህ መካከል የሯጩም ዓይነት ተለውጦ ነበር። ቀድሞ ማራቶን የጥቂት ጀግኖች ሥራ ነበር፤ ከ1970ዎቹ ወዲህ ግን በ4 ሰዓትና በ5 ሰዓት ቀስ ብሎ የሚፈጽም ሕዝብ በሺህ እየተቈጠረ ገባበት። ይህ ሕዝብ የሚያወጣው ላብ ጥቂት፣ ለመጠጣት ያለው ጊዜ ግን ብዙ ነው፤ የውኃውም ጠረጴዛ በየጥቂቱ ርቀት ተዘርግቶለታል። ምክሩን አክብሮ በየጠረጴዛው ሲጠጣ ከወጣው የገባው ይበልጣል። ኩላሊት ትርፉን እንዳያወጣ ደግሞ በረጅም ድካም ጊዜ ገላ ውኃን የሚያስቀር ሆርሞን ያመነጫል። ያን ጊዜ በደም ውስጥ ያለው ጨው ይቀጥናል፤ ውኃው ወደ አንጎል ይገባል፤ አንጎልም ያብጣል። በሽተኛው ራሱን ያመዋል፤ ያስመልሰዋል፤ ነገር ይቃዥበታል፤ ሲብስ ይንቀጠቀጣል፤ ይሞታልም። እያሳሳቀ የሚወስድ ውኃ ማለት ይኸው ነው።

ለዚህ ነገር አስቀድመው የተጣሩት የደቡብ አፍሪካው ሐኪም ቲም ኖክስ ናቸው። በ1985 እሳቸውና ባልደረቦቻቸው ከ7 ሰዓት በላይ በፈጀ ውድድር ላይ ውኃ አብዝተው በመጠጣት የታመሙ አራት ሰዎችን ታሪክ ጻፉ። ብዙ ሰው አልሰማቸውም። በ2002 በቦስተን ማራቶን 488 ሯጮች ደማቸው ሲመረመር ግን 13 በመቶው የደማቸው ጨው ከልክ በታች ሆኖ ተገኘ፤ ሦስቱም ለሞት በሚያሰጋ ደረጃ ላይ ነበሩ። በዚያው ውድድር አንዲት ሯጭ በዚህ ምክንያት ሞታለች። ምርመራው በ2005 ታትሞ ሲወጣ የቀድሞውን ምክር የሚከላከል ቃል ጠፋ። የአሜሪካው ኮሌጅም በ2007 ምክሩን አሻሽሎ፣ ክብደት ከ2 በመቶ በላይ እንዳይቀንስ፣ ደግሞም ከመነሻው ከፍ እንዳይል፣ ሁሉም እንደ ገላው እንዲጠጣ አለ። በ2015 በካሊፎርኒያ የተሰበሰቡት ሊቃውንት ይህን በሽታ ለመከላከል የሚበጀው በጥም ልክ መጠጣት ነው ብለው ተስማሙ።

የአሸናፊዎቹም ነገር ይመረመር። ኃይሌ ገብረ ሥላሴ በ2009 የዱባይን ማራቶን በ2 ሰዓት ከ5 ደቂቃ ከ29 ሴኮንድ ባሸነፈ ጊዜ ከክብደቱ 9.8 በመቶ ያህል ቀንሶ እንደ ነበር ተመራማሪዎች ጽፈዋል። በዚያው ዓመት በፈረንሳይ በሞን ሳን ሚሼል 643 ሯጮች ሲመዘኑ ከ3 ሰዓት በታች የፈጸሙት በአማካይ 3.1 በመቶ፣ ከ4 ሰዓት በላይ የወሰደባቸው ደግሞ 1.8 በመቶ ቀንሰው ተገኙ። ከዚህ ተነሥቶ «ውኃ መቀነስ ያስቀድማል» የሚል ሰው ቢኖር ግን የሱሊቫንን ስሕተት መልሶ ያመጣል። ፈጣን ሯጭ ብዙ ያልባል፤ ለመጠጣትም ጊዜ የለውም፤ ክብደቱ የሚቀንሰው ስለ ሮጠ ነው እንጂ የሚሮጠው ስለ ቀነሰ አይደለም። ይህ መረጃ የሚያስረዳን ጥቂት መቀነስ ለጤነኛ ሯጭ ጥፋት አለመሆኑን ብቻ ነው።

በእኛ አስተያየት የሁለቱም ዘመን ስሕተት አንድ ነው። አንደኛው «ጥምህን ናቀው» አለ፤ ሁለተኛው «ጥምህን አትመነው» አለ። ሁለቱም ለቀጭኑና ለወፍራሙ፣ ለፈጣኑና ለዝግተኛው፣ ለበረሃውና ለደጋው አንድ ልብስ ሰፉ። ፈጣሪ ለእያንዳንዱ የሰጠውን መስፈሪያ ሁለቱም ወረወሩት።

እንግዲህ በሥራ የሚውለው ትምህርት ይህ ነው። በ1994 ዓ.ም. በተጀመረው በአዲስ አበባው ታላቁ ሩጫ ላይ እንደሚደረገው 10 ኪሎ ሜትር ለሚሮጥ ጤነኛ ሰው፣ በደጋ አየር ጥሙ ካላስገደደው መጠጣት ግዴታ አይሆንበትም። ለረጅሙ መንገድ ሲጠማ መጠጣት፣ ሳይጠማ አለመግደርደር ይበቃል። በቆላ ሙቀት ብዙ ሰዓት በፍጥነት የሚሮጥ ግን በልምምዱ ጊዜ ከሩጫ በፊትና በኋላ ተመዝኖ የላቡን ልክ ቢያውቅ ይጠቀማል፤ ክብደቱ ጨምሮ የተገኘ ያለ ጥርጥር ከልክ በላይ ጠጥቷል። ለረዳቶችም አንድ ቃል አለን። ሯጭ ወድቆ ቢቃዥ ጥም ነው ብሎ ውኃ ለማጋት አይቸኩሉ፤ በሙቀት የተመታውና ውኃ የበዛበት በመልክ ይመሳሰላሉ፤ ለአንዱ መድኃኒት የሆነው ለሌላው ሞት ነው። መጀመሪያ ምን ያህል እንደ ጠጣ ይጠየቅ፤ ሐኪምም በፍጥነት ይጠራ።

ሲበዛ ማርም ይመራል ይላሉ አባቶቻችን። ቃሉ ለውኃም ይሠራል፤ ነገር ግን የሴንት ሉዊስን መንገድ የሚያስታውስ ሰው ሲያንስም እንደሚመር አይዘነጋም።