ስለ ሀገረ ኖባና ስለ ጠፋችው ቤተ ክርስቲያኗ

በስመ አብ ወወልድ ወመንፈስ ቅዱስ፥ አሐዱ አምላክ፤ አሜን።

ዓባይ ከጣና ወጥቶ፥ ጎጃምን ዞሮ፥ በቆላው በኩል ወደ ሱዳን ሜዳ እንደሚወርድ ከሕፃንነታችን ጀምሮ ስንሰማ ኖረናል። ከዚያ ወዲያ ያለውን መንገዱን ግን ብዙዎቻችን አንከተለውም። ዛሬ እስቲ በአሳብ እንከተለው። ካርቱም ሲደርስ ከነጭ ዓባይ ጋር ይገናኛል፤ ወደ ሰሜን ሲወርድም የእኛው ተከዜ በዚያ አገር አትባራ ተብሎ ይገባበታል። ከካርቱም እስከ አስዋን ድረስ በ6 ስፍራ ላይ ዓለት ወንዙን እየቈራረጠ ስለሚያንኰራኵረው መርከብ እንደ ልቡ አይመላለስበትም። ግራና ቀኙ ምድረ በዳ ነው። የሚታረሰው መሬት በብዙ ስፍራ ከወንዙ ዳር እንደ መቀነት የተዘረጋ ጠባብ ነገር ነው፤ እርሱንም ያለመለመው ክረምት በመጣ ቍጥር ከኢትዮጵያ ደጋ ታጥቦ የወረደው አፈር ነው። ሰዎቹም በሬ በሚያዞረው መንኰራኵር ውሃ እየቀዱ ማሽላና ተምር ሲያበቅሉ ኖረዋል። ይህች አገር ኖባ ትባላለች።

ዛሬ በኖባ ቋንቋ የሚቀደስበት አንድ ቤተ ክርስቲያን የለም። ነገር ግን ክርስትና በዚያ 900 ዓመት ያህል ቆሞ ነበር። እንዴት እንደ ገባ፥ ይልቁንም እንዴት እንደ ወጣ ልነግራችሁ እወዳለሁ፤ ነገሩ ከእኛ ጋር የተያያዘ ነውና። የምጠራቸው ዓመታት በፈረንጆች አቈጣጠር ናቸው።

ንጉሣችን ዒዛና በ4ኛው መቶ ዓመት በድንጋይ ባስቀረጸው ጽሑፍ ተከዜን ተሻግሮ ከኖባ ሰዎች ጋር እንደ ተዋጋ ይናገራል። ከርሱ በኋላ በ6ኛው መቶ ዓመት ኖባ በ3 መንግሥታት ተከፍላ እናገኛታለን፤ በሰሜን ኖባድያ፥ በመካከል ማኩርያ፥ በደቡብም ዓልዋ። የማኩርያ ዋና ከተማ ዶንጎላ፥ የዓልዋም ሶባ ነበረች፤ የሶባ ፍርስራሽ ከዛሬው ካርቱም አጠገብ ይገኛል።

በዚያን ጊዜ በቍስጥንጥንያ የነገሠው ዮስጢንያኖስ የኬልቄዶንን ጉባኤ የተቀበለ ሲሆን፥ ሚስቱ ንግሥት ቴዎዶራ ግን የተዋሕዶን ሃይማኖት የምትረዳ ነበረች። ዮሐንስ ዘኤፌሶን እንደ ጻፈው፥ በ543 ገደማ ዩልያኖስ የሚባል ካህን ወደ ኖባ ሊሄድ በወደደ ጊዜ ንጉሡም በበኩሉ የራሱን መልእክተኞች ላከ። ንግሥቲቱ ይህን ሰምታ ለላይኛው ግብጽ ገዥ ደብዳቤ ጻፈች፤ የንጉሡን መልእክተኞች እንዲያዘገይ፥ ዩልያኖስን ግን እንዲያሳልፍ አጥብቃ አዘዘችው። ገዥውም ከንጉሡ ይልቅ ንግሥቲቱን ፈራ። የንጉሡን ሰዎች፥ «የጭነት ከብትና መንገድ መሪ እስኪገኝ ቈዩ» ብሎ አስቀመጣቸው፤ ዩልያኖስ ሲደርስ ግን በተሰናዳው ከብት ተጭኖ አለፈ። ዩልያኖስም 2 ዓመት ሲያስተምር የአገሩ ሐሩር እጅግ ስለ ጸናበት፥ ከ3 ሰዓት እስከ 10 ሰዓት ድረስ ውሃ በሞላበት ዋሻ ውስጥ፥ ጨርቅ ብቻ ታጥቆ ተቀምጦ ሕዝቡን ያስተምርና ያጠምቅ ነበር። ከርሱ በኋላ የተሾመው ሎንጊኖስ ከቍስጥንጥንያ እንዳይወጣ ተከልክሎ ሳለ፥ ራሰ በራ ነበርና ሰው ሠራሽ ጠጕር ደፍቶ አምልጦ ሄደ። እርሱም በ580 እስከ ዓልዋ ዘልቆ ንጉሡን አጠመቀ። አንዳንድ ሰው በዚህ ታሪክ ይስቃል፤ እኔ ግን በዋሻ ውሃ ውስጥ ተቀምጦ የሚያስተምረውን ካህን ባሰብሁ ጊዜ በጥላና በምንጣፍ ላይ ሆነን ለምንታክት ለእኛ አፍራለሁ።

ከዚህ በኋላ ዓረቦች ግብጽን ያዙ፤ በ652ም ዶንጎላን በመንጀኒቅ ድንጋይ ደበደቡ። የኖባ ቀስተኞች ግን ዓይን እየለዩ የሚወጉ ስለ ነበሩ አገሪቱ በኃይል አልተያዘችም። በዚያ ጦርነት ፍጻሜ ዓረቦች «ባቅጥ» ብለው የሚጠሩት ስምምነት ተደረገ፤ ኖባ በየዓመቱ 360 ያህል ባሮች ልትሰጥ፥ ከግብጽም እህልና ሌላ ነገር ልትቀበል። ሰውን በሰላም ዋጋ መስጠት ክርስቲያን ነገሥታትን የሚያስመሰግን ሥራ አይደለም፤ ታሪክ ነውና ግን አይሸሸግም። በዚህ ስምምነት የተነሣ ኖባ 600 ዓመት ያህል በሰላም ኖረች ማለት ይቻላል። ቋንቋቸውን በግሪክና በቅብጥ ፊደል፥ የጐደለውንም ከጥንት መርዌ ፊደል እየጨመሩ ጻፉት፤ የቅዱስ ሚናስ ተአምር በዚህ ቋንቋ ተጽፎ ተገኝቷል። በፋራስ ካቴድራል ግድግዳ ላይም ሠለስቱ ደቂቅ በእሳት ውስጥ፥ ቅድስት ሐናም ጣቷን በከንፈሯ ላይ አድርጋ ተሥለው ነበር። በዚያው የ27 ጳጳሳት ስም በተራ ተጽፎ ይነበብ ነበር።

አሁን ወደ እኛ ነገር ልመለስ። በ10ኛው መቶ ዓመት ማለቂያ አንዲት ንግሥት ተነሥታ ኢትዮጵያን እንዳጠፋች፥ አብያተ ክርስቲያናትንም እንዳቃጠለች ታውቃላችሁ። በዚያን ጊዜ አገራችን ያለ ጳጳስ ቀርታ ነበር፤ ከእስክንድርያው መንበር ጋርም ተቈራርጣ ነበር። የኢትዮጵያ ንጉሥ ወዴት ጮኸ? ወደ ኖባ ንጉሥ ወደ ጊዮርጊስ። ካህናት እያለቁ፥ አብያተ ክርስቲያናት ባዶ እየቀሩ መሆናቸውን ጽፎ ስለ እኛ ወደ ፓትርያርኩ እንዲማልድልን ለመነው። ጊዮርጊስም ወደ ፓትርያርኩ ወደ አባ ፊሎቴዎስ ጻፈ፤ ፓትርያርኩም ከአባ መቃርስ ገዳም ዳንኤል የሚባል መነኰስ ጵጵስና ሾሞ ሰደደልን። ይህ በእስክንድርያ አባቶች ታሪክ ተጽፎ ይገኛል። እንግዲህ በዚያ ክፉ ዘመን የክህነት መብራታችን እንዳይጠፋ ዘይት የለመነልን የኖባ ንጉሥ ነው።

የኖባስ መብራት እንዴት ጠፋ? በአንድ ቀን ጦርነት አይደለም። ከ1270ዎቹ ጀምሮ የግብጽ ማምሉኮች በዶንጎላ ዙፋን ላይ የወደዱትን ያነግሡ፥ የጠሉትን ይሽሩ ጀመር፤ የመሳፍንቱም ወንድም በወንድሙ ላይ መነሣት በሩን ከፈተላቸው። በ1317 የዶንጎላ ነገሥታት አዳራሽ መስጊድ ሆነ። ዓረቦች ነገዶችም ወደ አገሩ ገብተው የመሳፍንቱን ሴቶች ልጆች አገቡ፤ በኖባ ሥርዓት መንግሥት ለእኅት ልጅ የሚተላለፍ ስለ ነበረ ልጆቻቸው ያለ ሰይፍ ወረሱ።

ቤተ ክርስቲያኒቱ ግን ከዚያም በኋላ ጥቂት ቈየች። በ1964 የእንግሊዝ አጥኚዎች በቀስር ኢብሪም ካቴድራል ውስጥ የአንድ ጳጳስ አስከሬን አገኙ። ስሙ ጢሞቴዎስ ነው። ካባውን እንደ ለበሰ፥ የብረት መስቀል ከርሱ ጋር ሆኖ ተቀብሯል፤ ከሥሩም አንዱ በቅብጥ፥ አንዱ በዓረብኛ የተጻፈ 2 ረጃጅም ጥቅል ተገኘ። በ1372 ፓትርያርኩ አባ ገብርኤል 4ኛ የኢብሪምና የፋራስ ጳጳስ አድርገው እንደ ሾሙት የሚመሰክሩ የሹመት ደብዳቤዎቹ ናቸው። መንገዱን ሁሉ ተሸክሟቸው መጣ፤ ከነርሱም ጋር ተቀበረ።

ከዚያ 150 ዓመት ያህል በኋላ የሆነውን የሚነግረን የፖርቱጋል ቄስ ፍራንሲስኮ አልቫሬዝ ነው፤ እርሱ ከ1520 እስከ 1526 በአገራችን ተቀምጦ ነበር። በዐፄ ልብነ ድንግል ሰፈር ሳለ ከኖባ 5 ወይም 6 ሰዎች መጡ። ጳጳሳቸው ከሞተ ብዙ ዘመን እንደ ሆነ፥ በጦርነቱም ምክንያት ሌላ ማግኘት እንዳልቻሉ፥ ካህናቱ ተራ በተራ ሞተው እንዳለቁ ተናገሩ፤ ቄሶችና መነኰሳት ልከህ አስተምረን ብለውም ንጉሡን ለመኑ። ያን አገር ያየ አንድ የሶርያ ሰውም 150 አብያተ ክርስቲያናት ገና ቆመው፥ የእመቤታችን ሥዕል በግድግዳው ላይ እንዳለ ለአልቫሬዝ ነግሮታል። ንጉሡ ግን፥ እኔ ራሴ አቡን የማስመጣው ከእስክንድርያ ነው፤ ሌላው የሚሰጠኝን እኔ እንዴት ለሌላ እሰጣለሁ ብሎ መለሰላቸው። ሰዎቹም ባዶ እጃቸውን ተመለሱ።

እኔ በንጉሡ ላይ ለመፍረድ አልቸኵልም። የኢትዮጵያ ሰዎች ከራሳቸው ሊቃውንት ጳጳስ እንዳይሾሙ የሚከለክለው፥ በኒቅያ ስም የሚጠራው ቀኖና ያስራቸው ነበር። ጥቂት ዘግይቶም በ1529 ሽምብራ ኩሬ ላይ የደረሰውን እናውቃለን፤ ለራሱም አገር የሚተርፍ ጊዜ አልነበረም። ይሁን እንጂ ያው አልቫሬዝ በዚያው መጽሐፍ አቡነ ማርቆስ በአንድ ቀን ከ2000 በላይ ካህናት ሲሾሙ እንዳየ ጽፏል። የተለመነው ጵጵስና ሳይሆን ቄስና መነኰስ ነበር። ከ2000ው 10 ቢሄዱ ምን በጐደለ? ደግሞም በጊዮርጊስ ዘመን እኛ ለማኞች፥ ኖባ አማላጅ እንደ ነበረች በዚያ ሰፈር ያስታወሰ ሰው የነበረ አይመስለኝም።

እኛ የራሳችንን ፓትርያርክ አቡነ ባስልዮስን ያገኘነው በ1959፥ ማለት በእኛ 1951 ዓ.ም. ነው። ኖባ ያን ያህል መጠበቅ አልቻለችም።

በ1960 የአስዋን ታላቅ ግድብ መሠራት ሲጀመር የኖባ ሰሜናዊ ክፍል በውሃ እንደሚሸፈን ታወቀ። ከ1961 እስከ 1964 በፕሮፌሰር ሚካሎቭስኪ የሚመሩ የፖላንድ አጥኚዎች በአሸዋ የተቀበረውን የፋራስ ካቴድራል ቈፍረው ከ100 በላይ ሥዕሎች ከግድግዳው ልጠው አወጡ፤ ከፊሉ ለካርቱም፥ ከፊሉ ለዋርሶ ሙዚየም ተከፈለ። ፋራስ ግን ከውሃ በታች ሆነች። በሱዳን በኩል የነበሩት 50,000 ያህል የኖባ ሰዎች መቃብራቸውንና ተምራቸውን ትተው ኀሽም አልግርባ ወደሚባል ስፍራ ተወሰዱ፤ እርሱም በአትባራ፥ ማለት በእኛው ተከዜ ወንዝ ዳር ነው። እስላሞች ከሆኑ ብዙ መቶ ዓመት አልፏቸዋል። በቋንቋቸው ግን እሑድን «ኪራጌ» ይሉታል፤ የጌታ ቀን ማለት ከሆነው «ኪርያኬ» ከሚለው የግሪክ ቃል የመጣ ነው። ዕለቱ በዚያ የሥራ ቀን ነው።

ወስብሐት ለእግዚአብሔር።