ድርና ማግ

የሸማ ሥራ ለረጅም ዘመን በቤተሰብ ሲወራረስ የኖረ ሙያ ነው። ሴቶች ጥጡን ዳምጠው፣ በደጋን ነድፈው፣ ባዘቶውን በእንዝርት ይፈትሉታል፤ ፈትሉ ከሌላው የቤት ሥራ በተረፈ ሰዓት፣ ከጎረቤት ጋር እየተጫወቱም ይሠራል። የመኳንንት ሚስቶች ሳይቀሩ ይፈትሉ ነበር፤ ቀጭን ፈታይ መባልም ትልቅ ክብር ነበር። ሸማኔው ግን ያንኑ ፈትል ጥበብ አድርጎ እየሸመነ መናቁ ግልጽ በደል ነበር። ዐፄ ምኒልክ በ1900 ዓ.ም. ባለሙያን በሥራው መስደብን በአዋጅ ከለከሉ፤ ንቀቱ ግን ቶሎ አልጠፋም።

በጋሞ ደጋ የሚኖሩት ዶርዜዎች በሽመና ስማቸው የገነነ ነው። ወንዶች ልጆች ማጉን በቀሰም እያጠነጠኑ ሙያውን ከአባቶቻቸው ይማራሉ። ብዙዎቹ አዲስ አበባ ገብተው ሽሮ ሜዳን የሸማ ገበያ አደረጉት። የፋብሪካ ክር ከመጣ ወዲህ ድሩ በአብዛኛው ከፋብሪካ ይገዛል፤ የእጅ ፈትል ለማግ ቀርቷል።