በወባ ዘመን የተተከለ ትምህርት ቤት

የዩኒቨርሲቲ ምደባ በወጣ ቁጥር ላፍቶ ባለችው ቤተ ክርስቲያናችን ግቢ የሚያለቅስ አይጠፋም። አንዲት እህታችን «ሕክምና ጠይቄ ጤና መኮንን ደረሰኝ» ብላ ለሳምንታት ከወጣቶች ኅብረት ቀርታ ነበር። እኔም አስተማሪዋ ሆኜ «ግድ የለም፣ በኋላ ትቀይሪዋለሽ» አልኋት። ያ ማጽናኛ ዛሬ ያሳፍረኛል። ለምን እንደሆነ ልንገራችሁ።

በ1945 ዓ.ም. ገደማ ከጣና ሐይቅ በስተሰሜን በተንጣለለው የደምቢያ ሜዳ ወባ ገብቶ በሺዎች የሚቆጠሩ ሰዎችን ፈጀ። ያን ጊዜ ኢትዮጵያውያን ሐኪሞች በጣት የሚቆጠሩ ነበሩ። ሐኪም ተምሮ እስኪወጣ መጠበቅ ለገጠሩ ሕዝብ ሞትን መጠበቅ ነበር። ስለዚህ መንግሥት በዓለም ጤና ድርጅት፣ በዩኒሴፍና በአሜሪካ መንግሥት እርዳታ በ1947 ዓ.ም. በጎንደር የሕዝብ ጤና ኮሌጅና ማሠልጠኛ ማዕከል ከፈተ። የአዲስ አበባው የሕክምና ፋኩልቲ የተቋቋመው ከዚያ ዐሥር ዓመት ያህል ዘግይቶ ነው።

አስተውሉ፤ ኮሌጁ ሲጀመር ሐኪም አላሠለጠነም። ጤና መኮንን፣ የማኅበረሰብ ነርስና የአካባቢ ንጽሕና ባለሙያ በአንድ ግቢ ተምረው በቡድን ወደ ጤና ጣቢያ ይወጡ ነበር። ጤና መኮንኑ ሕመምተኛ ይመረምራል፣ ጤና ጣቢያውን ይመራል። ነርሷ በየቤቱ ዞራ እናቶችንና ሕፃናትን ትጎበኛለች። ሦስተኛው ምንጭ ያጎለብታል፣ መጸዳጃ ያስቆፍራል። አንዱ ያዳነውን ሕፃን ሌላው የሚጠጣውን ውሃ ካላጸዳለት፣ ሕፃኑ በወሩ ተመልሶ ይታመማል። ጌታችን ደቀ መዛሙርቱን ሁለት ሁለት አድርጎ መላኩን ስታነቡ ይህን አስቡ።

በ1970ዎቹ መባቻ ኮሌጁ በምሥራቅ ጀርመን ከነበረው የላይፕዚጉ ካርል ማርክስ ዩኒቨርሲቲ ጋር ተባብሮ ሐኪም ማሠልጠን ጀመረ። አገሪቱ ሐኪም ያስፈልጋት ነበርና መልካም ሆነ። ነገር ግን የጤና መኮንን ሥልጠና ለዓመታት ተቋረጠ። ገጠሩ ግን ባለሙያ መፈለጉን አልተወም፤ በ1980ዎቹ መጨረሻ ሥልጠናው እንደገና ተጀመረ። አገር የናቀችውን ፈልጋ ተመለሰች ማለት ነው። በ1996 ዓ.ም. ኮሌጁ ዩኒቨርሲቲ ሆነ። ከልዩ ልዩ የጤና ሙያ የተውጣጡ ተመራቂ ተማሪዎችን በቡድን ወደ ጤና ጣቢያ የመላኩ ልማድ ግን ከመጀመሪያው ዘመን የተወረሰ ነው።

እንግዲህ እኔ «ትቀይሪዋለሽ» ያልኋት ሙያ ያ አንጋፋ የሕክምና ትምህርት ቤት የተመሠረተበት ድንጋይ ነበር። ዮቶር ሙሴን የመከረውም ይህንኑ ነው፤ አንድ ሰው ብቻውን ሕዝቡን ሁሉ ሊያገለግል አይችልም፤ ሸክሙን የሚካፈሉ ሰዎች ያስፈልጉታል።

እህታችንን ይቅርታ ጠይቄአታለሁ። በዚህ ዓመት ምደባ ስትቀበሉ የክፍሉን ስም አንብባችሁ ከማዘናችሁ በፊት፣ በዚያ ሙያ የሚጠብቃችሁ ሰው ማን እንደሆነ ጠይቁ። ከዚያ ተንበርክካችሁ ጸልዩ፤ ከዚያም ሻንጣችሁን አዘጋጁ።