ከመቅደላ እስከ አንኮበር
የአባቶቹን ቤት ያልረሳ ልጅ

ሰው ከአባቱ ከሚወርሰው ሀብት መካከል ወንበዴ የማይዘርፈው፣ ነገር ግን ጠባቂ ሲያጣ በዝምታ የሚጠፋ አለ፤ እርሱም ቋንቋውና የዘሩ ታሪክ ነው።

ዳግማዊ ምኒልክ ነሐሴ 12 ቀን 1836 ዓ.ም. ለደብረ ብርሃን ቅርብ በሆነችው በአንጎለላ ተወለዱ። ስማቸውን ያወጡላቸው አያታቸው ንጉሥ ሣህለ ሥላሴ ነበሩ። በኅዳር 1848 ዓ.ም. አባታቸው ንጉሥ ኃይለ መለኮት ዐረፉ፤ የሸዋም ጦር በበረኸት ድል ሆነ፤ የ11 ዓመቱም ወራሽ በዐፄ ቴዎድሮስ እጅ ገብተው በኋላ በመቅደላ አምባ ተቀመጡ።

ዐፄ ቴዎድሮስ ግን እንደ ልጅ አሳደጓቸው፤ ደጃዝማች ብለው ሾሟቸው፤ ልጃቸውን ወይዘሮ አልጣሽንም ዳሩላቸው። ስለዚህ ፈተናው የሰንሰለት ሳይሆን የፍቅር ነበረ። ጉርምስናቸው ያለፈው በሌላ ቤት ነውና፣ የአባታቸውን ቤት ቢረሱ ማን በፈረደባቸው! ነገር ግን አጎታቸው ዳርጌና እንደ ገርማሜ ያሉ የሸዋ ሰዎች አብረዋቸው በምርኮ ነበሩ፤ የአገራቸው ነገር ከጆሮአቸው አልራቀም።

በሰኔ 1857 ዓ.ም. ከአምባው አምልጠው ወደ ወሎ ገዥ ወደ ወርቂት ደረሱ። የወርቂት ልጅ ግን በመቅደላ መያዣ ነበረ፤ ዐፄ ቴዎድሮስ ተቈጥተው አስገደሉት። ወርቂትም የራስዋን ልጅ አጥታ ሳለች የሌላውን ልጅ ወደ አገሩ ሸኘች። በሸዋ ነግሦ የነበረው በዛብህ ድል ሆነ፤ ምኒልክም በነሐሴ አንኮበር ገቡ። የዚህ መመለስ ዋጋ የአንዲት እናት ልጅ መሆኑን አንኮበር ልትዘነጋው አይገባም።

ከዚያው አምባ በ1860 ዓ.ም. የ7 ዓመቱ ልዑል ዓለማየሁ ቴዎድሮስ ወደ እንግሊዝ ተወሰደ። እናቱ በመንገድ ሞተች፤ ሊያስተምሩት የተነሡት አለቃ ዘነብም ከመንገድ ተመለሱ። በባዕድ አገር በእንክብካቤ ቢያድግም አማርኛው ከአንደበቱ ጠፋ፤ በኅዳር 1872 ዓ.ም. በ18 ዓመቱ ዐርፎ በዊንድዘር ተቀበረ።

ሁለቱም ሕፃናት ከአባታቸው ቤት በጦርነት ተለዩ፤ ሁለቱም በባለ ድል እጅ ተከብረው አደጉ። የለያያቸው፣ አንዱ የአባቱን ቤት የሚያውቁ ሽማግሎች ባጠገቡ ሲኖሩ፣ ሌላው አንድ ስንኳ ማጣቱ ነው። ዛሬም ልጁ በሩቅ አገር የሚያድግበት ወላጅ፣ በቋንቋው የሚያነጋግረውን ሽማግሌ አይንፈገው።