ከጉሮሮ ሕመም እስከ እጅ መወራጨት፦ የሲደንሃም ኮሬያ አጭር ታሪክ

በሕፃናት ላይ የሚደርስ የባክቴሪያ ልክፈት ምልክቱን ሁልጊዜ በገባበት የሰውነት ክፍል ብቻ አያሳይም። ለዚህም የሲደንሃም ኮሬያ ታሪክ ጥሩ ምስክር ነው። ልክፈቱ የሚጀምረው ጉሮሮ ላይ ሲሆን፣ ሕመሙ የሚገለጠው ግን ከወራት በኋላ በእጅ፣ በእግር፣ በፊትና በጠባይ ላይ ነው።

እንግሊዛዊው ሐኪም ቶማስ ሲደንሃም እ.ኤ.አ. በ1686 ባሳተመው ጽሑፍ፣ እግሩን የሚጎትት፣ እጁን ለአፍታ ማሳረፍ የሚሳነውና ጽዋ ወደ አፉ ለማድረስ ብዙ የሚወራጭ ልጅ ሁኔታን በጥንቃቄ ገልጿል። ለሕመሙ የሰጠው «የቅዱስ ቪተስ ጭፈራ» የሚለው ስያሜ ግን ቀደም ሲል በመካከለኛው ዘመን አውሮፓ ለታየው የጅምላ ጭፈራ ይነገር የነበረ በመሆኑ፣ ሁለቱ የተለያዩ ክስተቶች ለረጅም ጊዜ ሲደባለቁ ኖረዋል። የሲደንሃም ሕክምናም ደም ማፍሰስና የሚያስቀምጥ መድኃኒት መስጠት ነበር።

በ19ኛው ክፍለ ዘመን ሐኪሞች ከሕመሙ ጀርባ ያለውን አደጋ መገንዘብ ጀመሩ። ፈረንሳዊው ዠርማን ሴ እ.ኤ.አ. በ1850 ኮሬያን ከሩማቲዝም ጋር አያያዘ። እንግሊዛዊው ዋልተር ቺድል እ.ኤ.አ. በ1889 የልብ ብግነት፣ የመገጣጠሚያ ሕመምና ኮሬያ የአንድ በሽታ ልዩ ልዩ ገጽታዎች እንደሆኑና በተለያየ ጊዜ ተነጣጥለው ሊታዩ እንደሚችሉ አስተማረ። ዊልያም ኦስለርም ኮሬያ ይዟቸው የነበሩ ልጆችን ከዓመታት በኋላ መርምሮ በብዙዎቹ ላይ የልብ ሕመም አገኘ።

ደኬት ጆንስ እ.ኤ.አ. በ1944 ባወጣው የሩማቲክ ፊቨር መስፈርት ኮሬያን ከዐበይት ምልክቶች መደበው። ታራንታና ስቶለርማን ደግሞ እ.ኤ.አ. በ1956 ከስትሬፕቶኮከስ ጋር ያለውን ዝምድና አጠናከሩ። አስቸጋሪው ነገር የጊዜው ርዝመት ነበር፤ ኮሬያ ብዙውን ጊዜ የሚከሰተው ከጉሮሮ ልክፈቱ ከ1 እስከ 6 ወራት ዘግይቶ ነው። በዚያን ጊዜ ጉሮሮው ድኗል፣ ትኩሳቱ ጠፍቷል፣ በደም ምርመራ የሚፈለገው ፀረ-አካልም ወደ ተለመደው መጠኑ ሊመለስ ይችላል። ስለዚህ ሌላ ምክንያት ያልተገኘለት ኮሬያ፣ የቀድሞው ልክፈት ማስረጃ ባይገኝም ለምርመራ ውሳኔ እንዲበቃ ተደርጓል።

እ.ኤ.አ. በ1950 በአሜሪካ ዋዮሚንግ ከሚገኘው የዋረን አየር ኃይል ሰፈር የወጣው የጥናት ውጤት፣ የጉሮሮ ልክፈትን በፔኒሲሊን ማከም ሩማቲክ ፊቨርን እንደሚከላከል አረጋገጠ። እ.ኤ.አ. በ2015 የተሻሻለው የጆንስ መስፈርትም በስቴቶስኮፕ የልብ ጉርምርምታ ባይሰማም የኢኮ ምርመራ እንዲደረግ አሳሰበ።

የልብ በሮች ጉዳት ዛሬም ብዙ ልጆችን በሚያጠቃባት በአገራችን ይህ ታሪክ የዕለት ተዕለት ሥራችንን ይመለከታል። የእጅ ጽሑፏ በድንገት የተበላሸባት፣ ዕቃ ከእጇ የሚወድቅባትና ያለ ምክንያት የምታለቅስ ተማሪ «ቀበጠች» ተብላ ልትገሠጽ፣ ወይም ሌላ ፈውስ ፍለጋ ልትወሰድ ትችላለች። መወራጨቱ በአብዛኛው በወራት ውስጥ ራሱ ስለሚተው ወላጆች ዳነች ብለው ይደሰታሉ፤ ልቧ ግን ሳይታይ ይቀራል። እንዲህ ያለች ልጅ ስትመጣ ልብን መመርመርና በየ3 ወይም በየ4 ሳምንቱ የሚሰጠውን የቤንዛቲን ፔኒሲሊን መከላከያ ሳይቋረጥ ማስቀጠል የጤና ባለሙያው ኃላፊነት ነው።