ነፃ የተባለው ዓመት፦ የቅድመ አንደኛ ደረጃ ትምህርት ወጪና የመንግሥት በጀት በአሶሳና በቤኒሻንጉል ጉሙዝ

ጣሰው ወልደሃና እና ልዩሰው ገብረመድኅን እ.ኤ.አ. በ2012 ያሳተሙት ጽሑፍ በኢትዮጵያ የቅድመ አንደኛ ደረጃ ትምህርት ጥናት ውስጥ የታወቀ ስፍራ አለው። ጽሑፉ «ያንግ ላይቭስ» በተሰኘው የረጅም ጊዜ የጥናት ፕሮጀክት መረጃ ላይ ተመሥርቶ የከተማ ልጆችን በ5 እና በ8 ዓመታቸው ያነጻጽራል፤ መዋዕለ ሕፃናት የገቡትም በአእምሮ ዕድገት መለኪያዎች ካልገቡት በልጠው መገኘታቸውን ያሳያል። ይህ መጣጥፍ ግኝቱን አይክድም። የሚሞግተው ግኝቱ የቆመበትን መሬትና ከዚያ የሚመዘዘውን ድምዳሜ ነው። ክፍያ በሚጠይቁ የከተማ መዋዕለ ሕፃናት የተለካ ውጤት፣ ክፍያ የለበትም ስለሚባለው የገጠር ኦ ክፍል (ከ1ኛ ክፍል በፊት ስላለው የዝግጅት ክፍል) የሚነግረን እጅግ ጥቂት ነው። ይባስ ብሎም ከሁሉ በፊት ሊነሣ የሚገባውን ጥያቄ ከዓይን ይሰውራል፦ የሕፃናቱን መምህር ደመወዝ ማን ይከፍላል?

የቀደሙትን ሥራዎች በዝርዝር መከለስ እዚህ አስፈላጊ አይደለም። ማርቲን ዉድሄድና ባልደረቦቹ እ.ኤ.አ. በ2009 በከተማና በገጠር ልጆች መካከል ያለውን ልዩነት ለይተው አሳይተዋል። ጃክ ሮሲተር እ.ኤ.አ. በ2016 በጥድፊያ የሚደረግ መስፋፋት ጥራትን እንዳይጎዳ አሳስቧል። ከሁለቱም ጋር ጠብ የለም።

ከክፍያው ታሪክ መነሣት ይሻላል። የ1986 ዓ.ም. የትምህርትና ሥልጠና ፖሊሲ የመንግሥት ትምህርትን እስከ 10ኛ ክፍል ነፃ ሲያደርግ፣ መዋዕለ ሕፃናትን ለግል ባለሀብቶች፣ ለሃይማኖት ተቋማት፣ ለበጎ አድራጎት ድርጅቶችና ለማኅበረሰቡ ተወው። በደርግ ዘመን በከተማ ቀበሌዎች ሥር ይሠሩ የነበሩት መዋዕለ ሕፃናትም ያለ ጠንካራ ደጋፊ ቀሩ። ውጤቱ እንግዳ ነገር ነበር፤ ልጅ 7 ዓመት ሲሞላው በነፃ ይማራል፣ ከዚያ በፊት መማር ከፈለገ ግን ወላጁ ይከፍላል። በ2002 ዓ.ም. የትምህርት፣ የጤናና የሴቶች ጉዳይ ሚኒስቴሮች በጋራ ያወጡት ብሔራዊ የፖሊሲ ማዕቀፍ ይህን ለማረም 4 ምሰሶዎችን አቆመ፤ የወላጆች ትምህርት፣ የጤናና የጨቅላነት እንክብካቤ፣ መዋዕለ ሕፃናት፣ እንዲሁም በማኅበረሰብ ላይ የተመሠረተ ኢ-መደበኛ የትምህርት ዝግጁነት። በአንደኛ ደረጃ ትምህርት ቤቶች ግቢ ውስጥ የሚከፈተው ኦ ክፍል በሰፊው የተስፋፋው ከዚህ በኋላ ነው። 5ኛው የትምህርት ዘርፍ ልማት ፕሮግራምም በ2012 ዓ.ም. ጥቅል ተሳትፎውን 80 ከመቶ ለማድረስ አቀደ። በ2015 ዓ.ም. የጸደቀው አዲሱ ፖሊሲ ደግሞ ከ1ኛ ክፍል በፊት የ2 ዓመት ቅድመ አንደኛ ደረጃ ትምህርትን የሥርዓቱ አካል አደረገው።

በወረቀት ላይ መንገዱ የተጠረገ ይመስላል። ወደ ቤኒሻንጉል ጉሙዝ ርዕሰ ከተማ ወደ አሶሳ ሲመጣ ግን ሁለት የተለያዩ ወላጆች ይታያሉ። በከተማው ልጁን የግል መዋዕለ ሕፃናት የሚያስገባ ወላጅ ምን እንደሚጠበቅበት አስቀድሞ ያውቃል፤ መመዝገቢያ፣ ወርሃዊ ክፍያ፣ የደንብ ልብስ፣ ምሳ ዕቃ። ከከተማው ወጣ ብሎ ልጁን ኦ ክፍል የሚያስገባው ገበሬ ክፍያ እንደሌለ ይነገረዋል። ቆየት ብሎ ግን ወላጅ መምህር ኅብረት ይሰበሰብና መዋጮ ይጣላል። መዋጮው ለቤት ማደሻ፣ ለምንጣፍና ለወንበር ይውላል፤ መምህር ካልተመደበም ትምህርቷን ጨርሳ ቤት ለተቀመጠች የቀበሌው ወጣት የወር አበል ይሆናል። የትምህርት ዘመኑ መስከረም ላይ ይከፈታል፤ ማሽላው ገና ማሳ ላይ ነው። ከማንጎ ወይም ከባህላዊ የወርቅ ምርት የሚገኘው ገንዘብም የራሱን ወቅት ጠብቆ የሚመጣ ነው። ወርሃዊ ደመወዝ ለሌለው ቤተሰብ ወርሃዊ መዋጮ፣ ስሙ ምንም ይሁን ምን፣ ክፍያ ነው።

የገንዘቡን መንገድ መከተል ነገሩን ያፍታታዋል። የፌዴራል መንግሥት የጥቅል በጀት ድጎማ በፌዴሬሽን ምክር ቤት ቀመር ለክልሉ ይደርሳል፤ ክልሉ ለወረዳዎች ይደለድላል፤ ወረዳው ከድርሻው የሚበዛውን ለደመወዝ ያውላል። የ1ኛ ክፍል መምህር በዚህ ሰንሰለት ውስጥ የሥራ መደብ አለው፤ መደብ ስላለውም ወሩ ሲሞላ ይከፈለዋል። ኦ ክፍል ግን በብዙ ቦታ የተከፈተው መደብ ሳይፈቀድለት ነው። ርዕሰ መምህሩ ያሉት አማራጮች ሁለት ብቻ ይሆናሉ፦ ከዝቅተኛ ክፍሎች አንዱን መምህር ነቅሎ መመደብ፣ አለዚያም ፊቱን ወደ ወላጆች ማዞር። የመጀመሪያው ሌላውን ክፍል ያራቁታል፤ ሁለተኛው ነፃ የተባለውን ዓመት ባለ ዋጋ ያደርገዋል።

እንግዲህ ወደ ጣሰውና ልዩሰው እንመለስ። የመጀመሪያው ሙግት የጊዜ ነው። የጥናቱ ልጆች እ.ኤ.አ. በ2001 እና በ2002 የተወለዱ ናቸው፤ 5 ዓመት የሞላቸው እ.ኤ.አ. በ2006 አካባቢ፣ ማለትም ብሔራዊ ማዕቀፉ ከመውጣቱ 4 ዓመት ያህል ቀድሞ ነው። በዚያን ጊዜ «መዋዕለ ሕፃናት ገብቷል» ማለት በአመዛኙ «ወላጁ ከፍሎለታል» ማለት ነበር። ስለዚህ ጥናቱ የለካው ክፍያ ያለበትን ተቋም ነው። ኦ ክፍልን ሊለካው አይችልም፤ ገና አልተስፋፋምና። ሁለቱን «ቅድመ አንደኛ ደረጃ» በሚል አንድ ስም ጠቅልሎ የአንዱን ፍሬ ለሌላው መስጠት ከመረጃው በላይ መናገር ነው።

ሁለተኛው ሙግት የስፍራ ነው። ያንግ ላይቭስ በኢትዮጵያ ጥናቱን ያካሄደው በአዲስ አበባ፣ በአማራ፣ በኦሮሚያ፣ በትግራይና በቀድሞው ደቡብ ክልል በተመረጡ 20 ቦታዎች ነው። ቤኒሻንጉል ጉሙዝ የለበትም። አፋር፣ ጋምቤላና ሶማሌም የሉበትም። በ1999 ዓ.ም. ቆጠራ መሠረት የቤኒሻንጉል ጉሙዝ ሕዝብ 784,345 ሲሆን በከተማ የሚኖረው 13.5 ከመቶ ብቻ ነበር። በሌላ በኩል እነ ዉድሄድ ከዚሁ ፕሮጀክት ባገኙት መረጃ ከከተማ ልጆች 58 ከመቶ ያህሉ መዋዕለ ሕፃናት ገብተው ነበር፤ ከገጠር ልጆች 4 ከመቶ እንኳ አልሞሉም። ጣሰውና ልዩሰው ጥናታቸውን በከተማ የወሰኑት በአግባቡ ነው፤ በገጠር የሚነጻጸር ልጅ አልነበረም። ጥናቱን እየጠቀሱ ስለ አገሪቱ በሙሉ የሚናገሩ ሁሉ ይህን ገደብ ሊያስታውሱ ይገባል። ቤኒሻንጉል ጉሙዝ በጥናቱ ውስጥ ቢኖር እንኳ፣ ከክልሉ 10 ሰው ከ8 የሚበልጠው የገጠር ነዋሪ ስለነበር ከአድማሱ ውጭ ይሆን ነበር።

ሦስተኛው ሙግት የቋንቋ ነው፤ በዚህ ክልል ደግሞ ዋነኛው ነው። ከመለኪያዎቹ አንዱ የሥዕል የቃላት ፈተና ነው። ፈታኙ አንድ ቃል ይጠራል፤ ልጁ ከ4 ሥዕሎች መካከል ለቃሉ የሚስማማውን በጣቱ ያመለክታል። ሌላው ብዛትን የሚመለከት ነው፤ ጥቂት፣ ብዙ፣ ግማሽ፣ እኩል የሚሉትን ሐሳቦች ይፈትናል። እንዲህ ያለ ፈተና እንዳለ የሚቆመው ልጁ በሚሰማው ቋንቋ ላይ ነው። በቆጠራው መሠረት ከክልሉ ሕዝብ 25.9 ከመቶው በርታ፣ 20.9 ከመቶው ጉሙዝ ነው፤ ሺናሻ፣ ማኦና ኮሞም አሉ። የጥናቱ ቦታዎች እነዚህ ቋንቋዎች ወደሚነገሩበት አገር ስላልደረሱ፣ በቤቱ በርታኛ ብቻ ሰምቶ ያደገ ሕፃን አማርኛ ከምትናገር መምህርት ፊት ሲቀመጥ ከትምህርቱ ምን ያህል እንደሚያተርፍ ከዚያ ጥናት መልስ መጠበቅ አይቻልም። በርታኛ፣ ጉሙዝኛና ሺናሽኛ በክልሉ የመጀመሪያ ክፍሎች ትምህርት ውስጥ መግባታቸው ጥያቄውን ያበረታዋል፤ ለእነዚህ ቋንቋዎች ተናጋሪ መምህር ለማግኘት ደመወዝ ያስፈልጋል፣ የወላጅ መዋጮ ግን ሠልጥኖ የወጣ መምህር አያስቀጥርም።

አራተኛው ሙግት የዘዴ ነው። ተመራማሪዎቹ በገቢ፣ በወላጅ ትምህርትና በቤት ሁኔታ የሚመሳሰሉ ልጆችን እያጣመሩ አነጻጽረዋል። ዘዴው የሚታየውን ልዩነት ያጠባል፤ የማይታየውን ግን እንዳለ ይተወዋል። ገቢያቸው አንድ ከሆነ ሁለት ጎረቤታሞች አንዱ ከዕለት ጉርሱ ቀንሶ ለልጁ ሲከፍል ሌላው ካልከፈለ፣ በሁለቱ ቤቶች መካከል ያለው ልዩነት ወር በወር ከሚቆጠረው ብር ይሰፋል። የከፈለው ማታ ልጁን ፊደል ያስቆጥራል፤ ቀኑን እንዴት እንደዋለ ይጠይቀዋል። የጥናቱ ውጤት ምን ያህሉ የመዋዕለ ሕፃናቱ፣ ምን ያህሉ የዚህ ትጋት እንደሆነ መለየት ያዳግታል። ለነገሩ ይህ የዘዴው የታወቀ ገደብ ነው፤ ክፍያ በሌለበት ስፍራ ግን ገደቡ እጅግ ይከብዳል።

ከእነዚህ ሙግቶች ይልቅ የሚያስቆጨው ግን የተዘነጋው ምንጭ ነው። በ2007 ዓ.ም. ክረምት ቤኒሻንጉል ጉሙዝ ራሱ የአንድ አዲስ አሠራር መሞከሪያ ሆኖ ነበር። በዩኒሴፍና በትምህርት መዋቅሩ ትብብር የተጀመረው የተፋጠነ የትምህርት ቤት ዝግጁነት ፕሮግራም፣ ኦ ክፍል ያላገኙ ልጆችን 1ኛ ክፍል ከመግባታቸው በፊት በ2 ወር ውስጥ 150 ሰዓት ለማስተማር የታቀደ ነበር። ሐምሌና ነሐሴ በአሶሳ ዝናቡ የሚበረታበት፣ ገበሬውም ከማሳው የማይለይበት ጊዜ ነው። ፕሮግራሙ በኋላ በአሜሪካን ኢንስቲትዩትስ ፎር ሪሰርች ተገምግሟል፤ ወደ ሌሎች ክልሎችም ሄዷል። ሆኖም ስለ ክፍያና ስለ በጀት በሚደረገው ክርክር ውስጥ የሚገባውን ቦታ አላገኘም።

ከዚህ ሙከራ የሚወሰደው ትምህርት ከልጆቹ ውጤት አስቀድሞ በአደረጃጀቱ ውስጥ አለ። ሰዓቱ ተቆጥሮ ታውቋል። ይዘቱ ለዚሁ ተዘጋጅቷል። የሚያስተምሩት ሰዎች ሠልጥነዋል። ወጪው ከወላጅ ኪስ እንዲወጣ አልተጠየቀም። ኦ ክፍል በወረዳ በጀት ውስጥ ያጣው እነዚህን አራቱን ነው። 2 ወር ዓመትን አይተካም፤ ይህንም ማንም አይልም። ሙከራው የሚያሳየው ግን ሥራው በገጠሩ ቤኒሻንጉል ጉሙዝ ሊታቀድና ሊከፈልበት እንደሚችል ነው።

ሌላም ማስረጃ በቅርብ አለ። ከአሶሳ ብዙ ሳይርቁ የሸርቆሌ (እ.ኤ.አ. 1997)፣ የባምባሲ (2012) እና የፆሬ (2015) የስደተኛ መጠለያዎች ተቋቁመዋል። በመጠለያዎች ውስጥ ያሉ የሕፃናት ማዕከላት በሰብአዊ ድጋፍ የሚሠሩ ናቸው፤ የስደተኛው ልጅ ያለ ክፍያ ይማራል፤ ይህም ተገቢ ነው። የተቀባዩ ማኅበረሰብ ልጅ ግን የወላጁን መዋጮ ይጠብቃል። በክልሉ የመተከልና የካማሺ ዞኖች ከ2011 እስከ 2014 ዓ.ም. በነበረው ግጭት ለተፈናቀሉ ቤተሰቦች ደግሞ መዋጮ የሚባለው ጨርሶ የሚታሰብ አልነበረም።

ተቃውሞ አይጠፋም። ወረዳ አቅም የለውም ይባላል፤ ያው ወረዳ ግን ኦ ክፍልን ሲከፍትና ቁጥሩን ሲያስመዘግብ አቅም አላነሰውም። መዋጮ የባለቤትነት ስሜት ይፈጥራል ይባላል፤ ስሜቱ ለ1ኛ ክፍል ሳያስፈልግ ለ5 ዓመት ሕፃን የሚያስፈልግበት ምክንያት ግን አይነገርም። ጥራት ይቅደም፣ መስፋፋት ይቆይ የሚለውም ቢሆን ደመወዝ የሌለው መምህር ጥራት ሊያመጣ እንደማይችል ይዘነጋል።

የሌሎች አፍሪካ አገሮች ልምድ ይህንኑ ያጠናክራል። ኬንያ እ.ኤ.አ. በ2003 የአንደኛ ደረጃ ትምህርትን ነፃ ስታደርግ ቅድመ አንደኛ ደረጃን በክፍያ ተወችው፤ ብዙ ወላጆችም ልጆቻቸውን ከዚያ አውጥተው ነፃ ወደሆነው 1ኛ ክፍል ወሰዱ። እ.ኤ.አ. የ2010 ሕገ መንግሥቷ ኃላፊነቱን ለካውንቲዎች ከሰጠ በኋላ ካውንቲዎቹ የሕፃናት መምህራንን ይቀጥሩ ጀመር። ጋና ደግሞ እ.ኤ.አ. በ2007 የ2 ዓመት መዋዕለ ሕፃናትን የነፃና ግዴታ ትምህርቷ አካል አድርጋለች። እ.ኤ.አ. በኅዳር 2022 የወጣው የታሽኬንት መግለጫ መንግሥታት ከትምህርት ወጪያቸው ቢያንስ 10 ከመቶውን ለዚህ እርከን እንዲመድቡ ይጠይቃል። የሁለቱ አገሮች ሁኔታ ከኢትዮጵያ ጋር አንድ እንዳልሆነ አይካድም፤ ደመወዝ በመንግሥት መዝገብ ላይ ካልሰፈረ ነፃነቱ ስም ብቻ እንደሚሆን ግን በአንድ ድምፅ ይመሰክራሉ።

ከዚህ የሚከተለው ተግባር ግልጽ ነው። ክልሉ ለኦ ክፍል መምህር የሥራ መደብ ፈቅዶ በወረዳ በጀት ውስጥ ያስገባ። በየትምህርት ቤቱ የሚሰበሰበው መዋጮ በገቢ ደረሰኝ ተመዝግቦ ለወረዳ ትምህርት ጽሕፈት ቤት ይቅረብ፤ መንግሥት ያልከፈለው ስንት እንደሆነ የሚታወቀው በዚህ ነውና። የግልገል በለስ መምህራን ትምህርት ኮሌጅ የበርታኛ፣ የጉሙዝኛና የሺናሽኛ ተናጋሪ ሕፃናት መምህራንን ለማሠልጠን ከክልሉ ቋሚ ድጋፍ ያግኝ። አሶሳ ዩኒቨርሲቲም ጣሰውና ልዩሰው የጀመሩትን ንጽጽር በዚህ ክልል ገጠር፣ በእነዚሁ ቋንቋዎች በተዘጋጀ መለኪያና የወላጅ መዋጮን እንደ አንድ ተለዋዋጭ በመቁጠር እንደገና ይሥራው።